የእትዬ ንግሥት በግ

ሐምሌ 7

«ክረምት ገጠር መቀመጥ ዕረፍት ነው፤ እንስሳ እንደሆነ ራሱን ይጠብቃል።»

ከወልድያ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ የሰማሁት። አመንኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ስድስት መጽሐፍ አለ። ቦቲ ጫማ የለም።

የዓመት ፈቃዴን ያወጣሁት ለአባዬ ዐይን ነው። ሞራ ነው አሉ፣ ሁለቱም። ወንድሜ ኢዘዲን አዲስ አበባ ሐኪም ይዞላቸዋል። እስኪመለሱ ድረስ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል... ቤቱን ማለት፦ ዳማ የምትባል ባዝራ፣ የዳማ ውርንጭላ፣ በጎች፣ ሁለት ውሾች። ኢዘዲን ሥራ አለው። እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ በእሱ አነጋገር «ያው ተቀምጠሽ አይደል የምትውዪው»።

ሐምሌ 8

አባዬ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግቢውን አዙረው አስረከቡኝ፣ በበትራቸው እየጠቆሙ። በትሩ አንዳንዴ በግ ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴ ቁልቋል ላይ።

«ዳማ ጤዛ የያዘ ሳር አትብላ። ውርንጭላው ከእናቱ አይለይ። በጎቹን ፀሐይ ሳይወጣ እንዳታወጪያቸው።»

«ፀሐይ መቼ ነው የሚወጣው?»

«መስከረም።»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ከበጎቹ አንዷ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃዋ፣ የእትዬ ንግሥት ናት አሉ። እትዬ ንግሥት መርሳ ላይ ሱቅ አላቸው። የርቢ በግ ናት፦ እናቲቱ የእሳቸው፣ የምትወልደው እኩል፣ ጭቃው የእኛ። አባዬ የእትዬ ንግሥትን በግ ማርባት ሲጀምሩ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

«የራሴ እንስሳ ቢሞት ሞተ ነው» አሉ። «የሰው ሐቅ ነው የምፈራው።»

የጌትነት ባጃጅ ላይ ወጡ። ከመርሳ ወደ እኛ ዳገት የሚወጣ ነጂ እሱ ብቻ ነው። ለምን ሲሉት «ፍሬኑ ስለማይዝ፣ ወደ ላይ ይሻላል» ይላል። ስለ መመለሻው የጠየቀው ሰው የለም።

ሐምሌ 11

ጋጣ ጠረግሁ። ሳር አጨድኩ። ዳማ ሳሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች። ጤዛ ነበረበት።

መጽሐፍ ከፈትኩ። በጎቹ ጮኹ። ወጣሁ፤ ምንም የለም። ተመለስኩ። ውሾቹ ጮኹ። ወጣሁ፤ ምንም የለም። ተመለስኩ። ሁሉም ዝም አሉ። ይሄኛው ባሰ... ለምን ዝም አሉ? ወጣሁ።

ሐምሌ 14

ውሾቹ ታዘበው እና ዝምታ ይባላሉ። አባዬ በድንበር ለተጣሏቸው ጎረቤት መልእክት እንዲሆን ያወጡት ስም ነው። ጎረቤትየው ከሞቱ ቆዩ። መልእክቱ ግን በየማታው ይደርሳል፤ አድራሽዋ እኔ። በር ላይ ቆሜ «ታዘበው! ዝምታ!» ስል ሸለቆው መልሶ ይለኛል።

ዝምታ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል።

ሐምሌ 16

ዝናብ። ገጽ 31።

ሐምሌ 17

ዝናብ። ገጽ 31።

ሐምሌ 19

ጠዋት ጉሮኖውን ስከፍት ቦቃ በግ ተጋድማለች። ሆዷ ተነፍቷል። ትናንት ማታ ደህና ነበረች... ነበረች? እኔ ምን አውቃለሁ። ቆማ ከሆነ ደህና ናት እላለሁ።

ሲሪንቃ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም አለ፤ መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ። ስደውል አላነሳም። ስለ መጽሐፉ መስሎት ነው። «በግ ሞተብኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው ደወለ።

«ድንገት ነው?»

«ድንገት።»

«እንዳትገፍፊያት፣ እንዳትከፍቻት። አባ ሰንጋ ከሆነ ለሰውም ነው የሚተርፈው። በጥልቁ ቅበሪ።»

ቀበርኩ። በዶማ፣ በአካፋ፣ በዝናብ። ለምሳ አልገባሁም። መዳፌ ተላጠ። ስጨርስ ቆሜ አየሁት፤ ጉድጓዱ ልክ፣ አፈሩ ድልድል። በራሴ ኮራሁ። ማንም ስለማያነበው ልጻፈው፦ በጣም ኮራሁ።

ሐምሌ 20

እቴ ሀስና መጡ፣ ከታች ያሉት ጎረቤታችን። የበግ ለቅሶ ሊደርሱ።

«አላህ ይተካላችሁ።»

«አሚን።»

«ቆዳዋስ?»

«አብሮ ተቀበረ።»

«ጆሮዋስ?»

«ጆሮዋም ከእሷው ጋር ነው፣ እቴ ሀስና።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እርጥብ ነበር፤ ግድ አላላቸውም።

«አንቺ ልጅ... ያን ሁሉ ወረቀት አንብበሽ! የሰው በግ ሲሞት ቆዳና ጆሮ ይቀርባል። ጆሮዋ ላይ የንግሥት ምልክት አለ። እሷ አይታ፣ 'እግዜር ያመጣው ነው' ብላ ትመልስላችኋለች። ቆዳ ከሌለ ግን ወይ በልታችኋል ወይ ሸጣችኋል። ሌላ ሦስተኛ የለም።»

«ሐኪሙ አትግፈፊ ብሎኝ ነው።»

«ሐኪሙ ለንግሥት ይንገራታ!»

አባዬ ስለ ጤዛ ነገሩኝ፣ ስለ ጨው ነገሩኝ። ስለ ቆዳ ምንም። ደግሞ ለምን ይነግሩኛል? እሳት ያቃጥላል ብሎ አደራ የሚል አለ?

ማታ ደወልኩ።

«ሞተች? የትኛዋ?»

«ቦቃ።»

«የንግሥት» አሉ ቀስ ብለው። «ሐስቡነላህ... በይ ቆዳዋን ጨው አድርጊበትና ለንግሥት አድርሺላት።»

«አባዬ...»

ነገርኳቸው። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። አልተቋረጠም።

ሐምሌ 22

ታዘበውና ዝምታ መቃብሩን ቆፈሩት። ምን ያህል ጥልቅ ነው ብዬ ነበር? ለሁለት ውሻ አይበቃም። የቀረው አንድ የኋላ እግርና በጭቃ የተለወሰ ጠጉር ነው። ጆሮ የለም፣ ግንባርም የለም።

ውሾቹ አልሞቱም። እንግዲያ አባ ሰንጋ አልነበረም፤ ሳይንስ በዚህ መልኩ ተረጋገጠ... ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ሐኪሙ ደወለ። ውሻ አባ ሰንጋን ይቋቋማል አለ፤ ምንም አያረጋግጥም።

«ናሙና አስቀርተሽ ነበር?»

ናሙናው ዝምታ ሆድ ውስጥ ነው አልኩት።

የተረፈውን እንደገና ቀበርኩ። ድንጋይ ጫንኩበት።

ሐምሌ 24

መርሳ ወረድኩ። መንገድ ላይ ንግግሬን ሳጠና ጌትነት በመስታወቱ ሲያየኝ ነበር። «ፍርድ ቤት ነው?» አለ። አይደለም አልኩት። ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ንግሥት ሱቃቸው ውስጥ፣ ከሳሙናና ከገመድ መሀል፣ በርጩማ ላይ ናቸው። አንድም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሐኪሙን፣ ጉድጓዱን፣ ውሾቹን።

«ለዚህ ነው በዚህ ዝናብ የመጣሽው?»

«ጆሮዋን ላሳይዎት አልቻልኩም። ግን ይምጡና ጉሮኖውን ይዩ፣ የተቀበረችበትን ይዩ። ጌትነት ውጪ ቆሟል።»

«አልመጣም።»

«ለምን?»

«አባትሽን፣ አያ ሙሄዲንን፣ ልፈትሸው? ባለቤቴ የሞተ ቀን ቃሬዛውን የተሸከመውን ሰው? ስሚ ዓቢዳዬ፣ እኔ ቆዳ አምጣ ብዬው አላውቅም። ራሱ ነው እያመጣ ሱቄን ሲያገማው የኖረው።» ሳቁ። ወዲያው ኮስተር አሉ። «ለማየት ከመጣሁ ተጠራጥሬያለሁ ማለት ነው። እግሬን አላነሣም። ቃሉ ይበቃኛል።»

ዳቦና ሻይ አበሉኝ። ስመለስ ዝናቡ ራሱ የቀለለ መሰለኝ። አለቀ።

ሐምሌ 25

አላለቀም።

«ሳታይ እንዴት ይቅር ትላለች?» አሉ አባዬ።

«'ቃሉ ይበቃኛል' አሉ።»

«ቃሌ አይደለም የሞተው። በግ ነው።»

ሐምሌ 28

ኢዘዲን ደወለ፤ ሰላምታ የለም።

«ምን ብለሻቸው ነው? አልታከምም አሉ! ነሐሴ ስምንት ተቀጥሮላቸው!»

አባዬ እንዲህ ብለዋል፦ የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቢላ ሥር አልተኛም። ብሞትስ?

«የዐይን ሞራ ነው እኮ፣ ዓቢዳ! ሰው አይሞትበትም! ሐኪሙ ከዚህ ካለፈ ተራው ለዓመት ነው ብሎኛል። እስከዚያ ግድግዳ እየዳሰሱ ሊኖሩ ነው?»

«ለእኔ ምን ትጮህብኛለህ?»

«ታዲያ ለማን ልጩህ? እሳቸው አይሰሙኝም!»

ከጀርባው የአባዬ ድምፅ ይሰማል። ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ዐይናቸውም አይደለም። «ውርንጭላው ሳል አለው ወይ በላት» ነው የሚሉት።

የለውም። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። አንዲት ሴት ማየት አልፈልግም አለች። አንድ ሰው ካላየች ዐይኔን አላሳይም አለ። መሀል ላይ እኔ፣ አካፋ ይዤ። በልቦለድ ባነበው «ደራሲው አበዛው» እል ነበር።

ሐምሌ 30

አባዬ ወሰኑ። «ከእኛ ምርጧን ስጫት። ቀይዋን።»

ቀይዋ ማለት ዳማ እንኳ መንገድ የምትለቅላት በግ ናት።

ነሐሴ 2

ቀይዋን ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ አሳፈርኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጌትነት «የሁለት ሰው ሒሳብ ነው» አለ። በሩን እስክንዘጋ ድረስ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ንግሥት ገና ከሩቅ ሲያዩን ተነሡ።

«ምንድን ነው ይሄ? በፍልሰታ! ጾም ላይ ሆኜ በግ ታስገቢብኛለሽ?»

«አይብሏት። ይቀበሉኝ ብቻ።»

«የምን መቀበል? በግ ሞተች፣ ሞተች ነው! ካሳ ከወሰድኩኝማ አያ ሙሄዲን በጌን በላ ማለቴ ነው። አገር ምን ይላል?»

«ካልወሰዱም ያው ነው የሚለው።»

«መልሺያት!»

ቀይዋን በረንዳው ቋሚ ላይ አስሬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በመርሳ ዋና መንገድ፣ ከሱቅ ሮጥኩ። ሰው እንደ ሌባ አየኝ። ሰጥቼ የሮጥኩ ነኝ ብዬ ላስረዳ አልቻልኩም።

ነሐሴ 3

የባጃጅ ድምፅ። ጌትነት። ቀይዋ የኋላ ወንበር ላይ፣ ብቻዋን፣ ወደ ውጭ እያየች።

«ተመላሽ» አለ። «እውነቴን ነው፣ ከብዙ ተሳፋሪ ጸባይዋ ይሻላል።»

ነሐሴ 4

ኢዘዲን በጠዋት፣ በቀትር፣ በማታ ደወለ። አራት ቀን ቀረ ይላል። መቁጠር የማልችል ይመስል።

ጋጣውን ጠረግሁ። የጠረግሁትን ጠረግሁ። ዳማ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት፤ ጮክ ብዬ። እንዲህ ይጀምራል ማለት ነው?

ለእትዬ ንግሥት ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። የአባዬን እንቢታ። አባዬ «እንዳትነግሪያት፣ ማስገደድ ይሆናል» ብለዋል። ቃሌን ሰጥቻለሁ... ግን ቃሌ ከዐይናቸው ይበልጣል ወይ?

ነሐሴ 5

ነገርኳቸው።

ጨው እየመዘኑ ነበር። ሚዛኑን አስቀመጡት።

«ዐይኑን? በእኔ በግ የተነሣ?»

«ሐቅዎን ሳልመልስ አልተኛም አሉ።»

«ይሄ ግትር!» አሉ። አለቀሱ። መሀል ላይ ሳቁ። «ይሄ ግትር ሽማግሌ... ጥጃው አንድ ቀን ማሳዬን በላ ብሎ አንድ ቁና ማሽላ ያመጣልኝ ሰው ነው እኮ። አጥሩን ያፈረሰው የእኔው ጥጃ ነበር!» በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «አምጪያት በጓን። መጀመሪያ ደውዪልኝ።»

ደወልኩ። ስልኩን ነጠቁኝ።

«አያ ሙሄዲን! በጌን አግኝቻለሁ። ቀይ ናት፣ ከድሮዋ ታምራለች። በል ተነሥና ዐይንህን አሳይ።»

አባዬ የሚሉት ለእኔም ይሰማል። «ንግሥት፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«ብያለሁ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ ነው! ከፈለግህ በአረብኛም እልልሃለሁ፣ አስተምረኝ።»

ቀይዋ ለሦስተኛ ጊዜ ባጃጅ ተሳፈረች። አሁን ራሷ ዘላ ወጣች።

ነሐሴ 8

ዛሬ ነው።

ሳር አጨድኩ፣ ጤዛው እስኪረግፍ ጠበቅሁ። ውርንጭላው አጥር ዘሎ ማሽላ ውስጥ ገባ፤ አመሰገንኩት፣ የሚሮጥለት ነገር ሰጠኝ። ቀትር ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ስልኬን እንደ አንቴና ይዤ ስዞር እቴ ሀስና ከታች አዩኝ፤ ዱዓ መስሏቸው እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። ሊሆንም ይችላል።

ወደ አሥር ሰዓት የኢዘዲን መልእክት ገባ። «አልሐምዱሊላህ። አልቋል። ዳማን ይጠይቃሉ።»

ነሐሴ 16

ጌትነት ወሬ ይዞ መጣ። ዛሬ የፍልሰታ ፍች ነው። እትዬ ንግሥት ቀይዋን እየጎተቱ ማርያም ወስደው ሰጥተዋታል። ስለት ነው። የተሳሉት ለአባዬ ዐይን ነው።

«እሷስ ምን ትሁን ብለሽ ነው?» አለ ጌትነት። «ማታ ማታ በጓን ባየች ቁጥር የሰው ገንዘብ ይመስለኛል እያለች ስታስቸግረን ነበር።»

ለአባዬ በስልክ ነገርኳቸው።

«ለእኔ ዐይን?»

«ለአንቱ ዐይን።»

«እንግዲህ...» አሉ፤ «አላህ ይቀበላት።»

ነሐሴ 23

ሁለተኛውም ዐይን ተሠራ። አባዬ ከኢዘዲን መስኮት የማስታወቂያ ሰሌዳ አንብበውልኛል። የጥርስ ሐኪም ነው። ስልክ ቁጥሩን ጭምር።

ኢዘዲን እዚሁ ይቅሩ ይላል። አባዬ መስኮቱን እያነበቡ ነው፤ አልሰሙትም።

ጳጉሜን 3

ዝናቡ እያረጀ ነው። ዳማ ያጨድኩትን ሳር ቀና ሳትል በላች። አልጻፍኩትም እንጂ ይህ ከሆነ ሰነበተ። ጻፍኩት።

ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ወልድያ፣ መደርደሪያ፣ ዝም ያለ አዳራሽ... ናፍቆኛል? ሌሊት ውሻው ሳይጮህ ሲቀር ነው የምነቃው።

መስከረም 1

እትዬ ንግሥት በጌትነት ድፎ ዳቦ ላኩ። ከላዩ ላይ ቄጠማ። እኛም የዳማን ምስጋና ላክን፤ ማለት ፍግ፣ ለጓሯቸው።

መስከረም 4

አባዬ ገቡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ጌትነት ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ «እጅህ ግራሶ ነው» አሉት።

ዳማን ዞሯት። ሰኮናዋን አነሡ፣ አዩ፣ ምንም አላሉም። የአባዬ ምስጋና ይሄው ነው፤ ወሰድኩት። ውርንጭላውን «ቡላ ነው እንዴ? እኔኮ ጥቁር መስሎኝ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ከስተሻል። ወይስ ድሮም እንዲህ ነሽ?»

ከዚያ ጉሮኖ ገቡ። በጎቹን አንድ በአንድ በጆሯቸው እየያዙ አዩ። አንዷ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። የግራ ጆሮዋን ገለበጡት። ጫፉ ተቆርጧል፤ አሮጌ ቁስል፣ የዳነ፤ እቴ ሀስና ያሉት ምልክት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ቦቃዋ ናት።»

«ቦቃዋ ሞተች አላልሽም?»

«አንዷ ሞተች። ይቺ ሌላዋ ናት።»

«ሁለት ቦቃ ነበረን?»

«ከመጣሁ ጀምሮ ሁለት ነበሩ።»

አባዬ የሚያውቁት ቦቃ አንድ ነው። ሁለተኛዋ፣ የሞተችው፣ የተወለደችው ሞራው ዐይናቸውን ከጋረደ በኋላ ነው። ድምፅዋን ያውቁ ነበር፣ ጠጉሯን ያውቁ ነበር። ግንባሯን አይተውት አያውቁም።

«ታዲያ ሁለት ናቸው አትዪኝም?»

«አባዬ... 'ቦቃ' ስልዎት 'የንግሥት' አሉኝ። እኔ የማየውን አንቱም የሚያዩ መስሎኝ።»

የጆሮውን ጫፍ በጣታቸው ያዙት፣ ለቀቁት፣ መልሰው ያዙት። እትዬ ንግሥት አንድ ቀን ብቻ መጥተው አይተው ቢሆን... አላዩም። ስላመኑን አላዩም።

«ብነግራት» አሉ በመጨረሻ፣ «የእኛ ሐቅ አለብኝ ብላ እንቅልፍ ታጣለች። ባልነግራት እኔ አጣለሁ።»

«ቀይዋስ ብትመለስ?»

«ከማርያም ነው የምትመለሰው?»

ሻንጣዬ ተዘግቷል። ጌትነት ነገ ጠዋት ይመጣል። አባዬ አሁንም ጉሮኖው በር ላይ ተቀምጠዋል፣ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው።

የእትዬ ንግሥት በግ ጥግ ላይ ቆማ ታመሰኳለች።